ኮባልትን ቀለም ማስቀየር፦ ከቢ12 መርፌ እስከ ፖርፊሪን

ባለፈው ሚያዝያ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ነበር። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ከፈተችና «ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ኮባልት ፖርፊሪን ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ አሟሙታ ሳይክሊክ ቮልታሞግራም አንስታለች፤ ቮልቴጁ ወርዶ ሲመለስ የሚያልፈውን ከረንት የሚያሳይ ግራፍ ነው። ቮልቴጁ ወደ ኔጌቲቭ ሲወርድ የሚያምር ፒክ አለ። ሲመለስ ግን ምንም የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኤሌክትሮድ ስትወለውል፣ ሽቦ ስትቀያይር ከርማለች። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው። ጥፋተኛው አሟሚው ነበር።

ምክንያቱን አሁኑኑ ልነግራችሁ እችላለሁ። ግን የኮባልትን ጠባይ ሳታውቁ ብነግራችሁ፣ ነገ ሌላ አሟሚ ላይ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ትገባላችሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ፖርፊሪን ማለት አራት ናይትሮጅኖች ወደ መሃል የሚያዩበት ጠፍጣፋ ቀለበት ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ሄም ይኸው ቀለበት ነው፣ መሃሉ ላይ ብረት ተቀምጦበት። የቅጠሉ ክሎሮፊል የቅርብ ዘመዱ ነው፣ መሃሉ ላይ ማግኒዥየም አለ። ጎመን ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ብትቀቅሉት አረንጓዴው ወደ ቡናማ የሚሄደው አሲዱ ማግኒዥየሙን ነቅሎ ስለሚያወጣው ነው። ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭም ቅጠሉ በዚሁ ቀለበት የተሞላ ነው፤ ክሎሮፊል ማውጣት መለማመድ የሚፈልግ ሰው ጥሬ ዕቃ አያጣም። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ኮሪን የሚባል ትንሽ ጠበብ ያለ ቀለበት አለው፣ መሃሉ ላይ ኮባልት። ቅርጹን በኤክስሬይ የፈታችው ዶሮቲ ሆጅኪን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ኖቤል ካሸለሟት ሥራዎች አንዱ ነው።

ኮባልቱን አራቱ ናይትሮጅኖች ዙሪያውን ይይዙታል። ከላይና ከታች ግን ሌላ ሞለኪዩል ወይም አዮን በእንግድነት የሚቀመጥበት ሁለት መቀመጫ ባዶ ይቀራል። ጨዋታው ሁሉ እዚያ ነው። ኮባልት 3 (ቁጥሩ ኮባልቱ ስንት ኤሌክትሮን እንዳጣ ይናገራል) ሁለቱም መቀመጫ እንዲያዝለት ይፈልጋል። ኮባልት 2 አንድ እንግዳ ይበቃዋል፣ ባይመጣም ይኖራል። ኮባልት 1 ማንንም አይፈልግም፤ ኤሌክትሮን ስለተረፈው እንግዳ ከመቀበል ይልቅ ያገኘውን ማጥቃት ይቀናዋል። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮን በገባና በወጣ ቁጥር መቀመጫው ላይም ሰው ይነሳል፣ ሰው ይቀመጣል። ፒክ ሲሸሽባችሁ ወይም ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ «መቀመጫው ላይ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ «አየር ገብቶበታል ወይ?» በሉ። ማሽኑን የምትጠረጥሩት ከዚያ በኋላ ነው።

በመርፌው እንጀምር

ፋርማሲ ሄዳችሁ ቢ12 ብቻ ያለበትን መርፌ ጠይቁ። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀለበትም ቀይ ስለሆነ ያሳስታል፣ እሱ አይሆንም። ንጹሑም ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳያኖኮባላሚን እና ሃይድሮክሶኮባላሚን። ምርጫ ካላችሁ ሃይድሮክሶውን ውሰዱ። ሳያኖው ላይ መቀመጫውን የያዘው ሳያናይድ ነው፣ ሙጭጭ ብሎ ነው የሚይዘው። ሃይድሮክሶው ላይ ያለው ውሃ ወይም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። መቀመጫው ላይ ውሃ ሲኖር ኮባልት 3 ወደ 2 የሚወርደው ከስታንዳርድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ (ዜሮ ቮልት ተብሎ ከተወሰደው ማጣቀሻ) አንጻር ፖዘቲቭ 0.2 ቮልት አካባቢ ነው፣ ከ2 ወደ 1 ደግሞ ኔጌቲቭ 0.6 አካባቢ። ሳያኖው ግን ከኔጌቲቭ 0.6ም በታች ካልወረዳችሁለት ንቅንቅ አይልም፣ ሲነቃነቅም ሁለቱን ኤሌክትሮን አንድ ላይ ነው የሚውጠው። ያው ኮባልት፣ ያው ቀለበት። የተለየው እንግዳው ብቻ ነው።

ሳያናይድ የሚለውን ሰምታችሁ አትደንግጡ። 1 ሚሊግራም ሳያኖኮባላሚን ውስጥ ያለው 0.02 ሚሊግራም ገደማ ነው። መስኮት ከፍቶ መሥራት ይበቃል። ግን አንዴ የተከፈተ መርፌ ለሰው አይመለስም፣ ይህን ለቤተሰብ በደንብ ንገሩ።

ብልቃጡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሚሊሊትር 1000 ማይክሮግራም ይላል። ይህ በሊትር 0.74 ሚሊሞል ገደማ ነው፣ ማለትም ለቮልታሜትሪ ከምንፈልገው መጠን ብዙም አይርቅም። ለስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ ለሚለካው መሣሪያ፣ ግን ይበዛል። 20 እጥፍ አቅጥኑት፤ ሳያኖው ከሆነ 361 ናኖሜትር ላይ አብዞርባንሱ 1 አካባቢ ይመጣል። ማቅጠኛው የጣና ውሃ አይሁን፣ የቧንቧም አይሁን። ላብ ውስጥ የተጣራ ውሃ ካላገኛችሁ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሻጩ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጣችሁ ብቻ መለያውን አንብቡ።

አሁን አየሩን እናስወጣ። የጎማ ክዳን ያለው ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ በደንብ እጠቡ። የቀጠነውን ቢ12 ግማሽ ድረስ ሙሉት። በጎማው ሁለት የመርፌ ጫፍ ስጉ፣ ረጅሙ ፈሳሹ ውስጥ ይግባ፣ አጭሩ ከላይ ይቅር። በረጅሙ ናይትሮጅን አረፋ እያወጣ ለ15 ደቂቃ አሳልፉ። ናይትሮጅን ከሌለ ውሃውን አስቀድማችሁ 10 ደቂቃ አፍሉት፣ በትኩሱ ብልቃጥ ውስጥ እስከ አፉ ሙሉትና ዝጉት። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ ችግር የለውም።

እዚህ ጋ ሁለት አቋራጭ አለ፣ ሁለቱም ገደል ነው። አንዱ ኦክሲጅን ይበላልኛል ብሎ ሶዲየም ሰልፋይት መጨመር ነው። ሰልፋይቱ ኦክሲጅኑን ይበላል፣ ከዚያ ራሱ ኮባልቱ ላይ ይቀመጥና የማታውቁት ሌላ ውህድ ሠርቶላችሁ ያርፋል። ሁለተኛው ከኮምጣጤና ከመጋገሪያ ሶዳ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በናይትሮጅን ፋንታ ማሳለፍ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ያወርዳል፤ ወደ ፖርፊሪኑ ስንሄድ ደግሞ ኤሌክትሮን ከተቀበለው ኮባልት ጋር ራሱ ሪአክት ያደርጋል። እንዲያውም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለመቀየር ብዙ የሚጠኑት ካታሊስቶች እነዚሁ የኮባልት ፖርፊሪንና ፍታሎሲያኒን ናቸው።

ኮባልት 2ን ለማየት ንጹሕ የአስኮርቢክ አሲድ ዱቄት ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ በትንሽ ሶዳ ፒኤቹን ወደ 7 አምጥታችሁ አየር በሌለው ውሃ አሟሙና በሲሪንጅ ጨምሩ። ሃይድሮክሶው ከቀይ ወደ ብርቱካንማ ቡናማ ይሄዳል። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ላይ 473 ናኖሜትር አካባቢ ጉብታ ይወጣል። ሳያኖው እዚሁ ላይ ምንም ሳይሆን ቢቀር አይግረማችሁ፣ ቁጥሩን ከላይ አይታችኋል። ለኮባልት 1 ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልጋል። በስንጥር ጫፍ የሚያዝ ያህል ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ አየር በሌለው ውሃ አሟሙና ወዲያው ጨምሩ። ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ አጭሩ መርፌ ክፍት ይሁን፣ አጠገባችሁ እሳት አይኑር፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ። ቀለሙ ግራጫ አረንጓዴ ይሆናል፣ 386 ላይ ትልቅ ጉብታ ይመጣል። መሣሪያ ከሌላችሁ ከኋላው ነጭ ወረቀት አቁሙና በዓይናችሁ እዩት፤ ይለያል።

ከዚያ የምወደው ክፍል ይመጣል። በሲሪንጅ ትንሽ አየር አስገቡና ነቅንቁት። አረንጓዴው ዓይናችሁ እያየ ቡናማ ይሆናል፣ ቆይቶ ቀይ ይመለሳል። ቦሮሃይድራይዱ ገና ካላለቀ ብትተዉት እንደገና ወደ ኋላ ይሄዳል። ተማሪ ፊት አንዴ ብታሳዩት ሪዶክስ የሚባለውን የኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል ሁለተኛ አይረሳውም።

ፖርፊሪኑን መሥራት

ባዶውን ቀለበት፣ ቴትራፌኒልፖርፊሪንን፣ ገዝታችሁ ካላችሁ ወደ ኮባልቱ እለፉ። ከሌላችሁ አድለርና ሎንጎ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት ዘዴ አለ፤ ፒሮልና ቤንዛልዲሃይድ እኩል ሞል ይዛችሁ የሚፈላ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ታቆያላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ሐምራዊ ክሪስታል ይወርዳል። ምርቱ 20 በመቶ ገደማ ነው። የጭስ ማውጫ ሁድ ግድ ነው። ሽታው ልብስ ላይ ይቀርና ባጃጅ ውስጥ ሰው ፊቱን ያዞርባችኋል።

ኮባልቱን ለማስገባት 100 ሚሊግራም ፖርፊሪን፣ 200 ሚሊግራም ኮባልት አሴቴት ቴትራሃይድሬት እና 25 ሚሊሊትር ያህል ዲኤምኤፍ (ዳይሜቲልፎርማማይድ የሚባል አሟሚ) ውሰዱ። ኮባልቱ አምስት እጥፍ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው። ሪፍለክስ አድርጉ፣ ማለትም እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ተመልሶ እየወረደ አፍሉት። ማለቁን በምን ታውቃላችሁ? እዚህ ላይ ብር የሚፈተሽባት ትንሿ ሐምራዊ መብራት ትመጣለች፣ ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት። ጠብታ ወስዳችሁ ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ አቅጥኑና ጨለማ ውስጥ አብሩበት። ኮባልት ያልገባበት ፖርፊሪን ፍም የመሰለ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ኮባልት የገባበት ጨለማ ነው፣ ኮባልቱ ብርሃኑን ያጠፋዋል። ትንሽ ቀይ እንኳ ካያችሁ ማፍላቱን ቀጥሉ። እኔ ይህችን መብራት ከብዙ ውድ መሣሪያ በላይ አምናታለሁ።

ሲያልቅ አቀዝቅዙት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ አጥሉት፣ በውሃ ከዚያ በትንሽ ሜታኖል እጠቡት፣ አድርቁት። በስፔክትሮፎቶሜትር ደግሞ ባዶው ፖርፊሪን 515፣ 550፣ 590 እና 650 አካባቢ የነበሩት አራት ትንንሽ ጉብታዎች ወደ አንድ፣ 528 አካባቢ፣ ይጠቃለላሉ። ትልቁ ጉብታ ከ417 ወደ 410 ገደማ ይመጣል። 430 አካባቢ ትከሻ ካለው ከፊሉ ኮባልት 3 ሆኗል ማለት ነው።

ቮልታሞግራሙ

ለ5 ሚሊሊትር 3.4 ሚሊግራም ኮባልት ፖርፊሪን መዝኑ፣ በሊትር 1 ሚሊሞል ይሆናል። ኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም ፈሳሹ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ የሚያደርገው ጨው፣ ቴትራቡቲልአሞኒየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ነው፣ 194 ሚሊግራም፣ በሊትር 0.1 ሞል። ክረምት ላይ ከሆናችሁ ኤሌክትሮላይቱን ሳታደርቁ አትጠቀሙ፤ ሐምሌ ውስጥ ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። የሚሠራው ኤሌክትሮድ ግላሲ ካርቦን፣ ተቃራኒው የፕላቲነም ሽቦ፣ ማጣቀሻው የብር ሽቦ ይሁን። ካርቦኑን በ0.05 ማይክሮሜትር አሉሚና በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሹት፣ እጠቡት። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስት ሳምንት አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ፖርፊሪን ሳትጨምሩ ባዶውን ኤሌክትሮላይት አንሱ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ የኦክሲጅንን ፒክ የኮባልት ነው ብሎ ቴሲስ ላይ ይጽፋል። ባዶው ጠፍጣፋ እስኪሆን ናይትሮጅን አሳልፉ። መስመሩ በጥቃቅን ጥርስ ከተሞላ የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ እየገባባችሁ ነው፤ ሴሉን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብታችሁ ቆርቆሮውን ከመሣሪያው ግራውንድ ጋር አገናኙት፣ ላፕቶፑንም ከቻርጀሩ ንቀሉ። መብራት እንደሁ መጥፋቱ ስለማይቀር በባትሪ መሥራት መልመዱ ሌላም ጥቅም አለው።

አሁን ወደዚያች ልጅ ችግር። ዳይክሎሮሜቴን ባሕር ዳር ውስጥ እያሳሳቀ የሚወስድ አሟሚ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 40 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እዚህ ከፍታ ላይ 34 አካባቢ። ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 30 ሲሆን፣ ናይትሮጅን እያሳለፋችሁ፣ አሟሚው በዓይናችሁ ፊት ይተናል፤ ፒኩ ያድጋል፣ እናንተ ግኝት ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ብልቃጡ ላይ የፈሳሹን ልክ በእስክሪብቶ አስምሩ። ናይትሮጅኑንም መጀመሪያ በሌላ ብልቃጥ በዚያው አሟሚ ውስጥ አሳልፉት፣ እንፋሎት ጠግቦ ይምጣ።

ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ኮባልት 1 ዳይክሎሮሜቴኑን ራሱን ማጥቃቱ ነው። አንዱን ክሎሪን አባርሮ ካርቦኑ ላይ ይጣበቃል፣ የኮባልትና የካርቦን ቦንድ ይሠራል። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ቢ12 ሜቲዮኒን ሲሠራ ሜቲል ቡድን የሚቀበለው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ሰውነት የሚኖርበትን ነገር እኛ እንደ ብልሽት ቆጠርነው። እናም ቮልቴጁ ሲመለስ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ኮባልት 1 የለም፣ አልቋል። የመልሱ ፒክ የጠፋው ለዚህ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ፍጥነቱን ከ100 ሚሊቮልት በሰከንድ ወደ 1000ና ከዚያም በላይ ውሰዱት። ኮባልቱ ለማጥቃት ጊዜ ሲያጣ የመልሱ ፒክ ብቅ ማለት ይጀምራል። መፍትሔው ዲኤምኤፍ መጠቀም ነው። እዚያ ከ2 ወደ 1 ያለው ፒክ ካሎሜል ከሚባለው ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ አንጻር ኔጌቲቭ 0.8 አካባቢ ሄዶ ይመለሳል።

የብር ሽቦው ቦታው የሚንሸራተት ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ ቁንጥር ፌሮሲን (ቮልቴጁ የታወቀ የብረት ውህድ) ጨምራችሁ እንደገና አንሱ፣ ቁጥራችሁን ሁሉ ከሱ አንጻር ጻፉ። ፌሮሲን ሌላም ውለታ አለው። የአንድ ኤሌክትሮን ንጹሕ ሂደት በሁለቱ ፒኮች መሃል 59 ሚሊቮልት ገደማ ልዩነት አለው በመጽሐፍ፣ በተግባር ከዚያ ይሰፋል። የኮባልታችሁ ልዩነት 130 ሆኖ የፌሮሲኑም 130 ከሆነ የፈሳሹ ሬዚስታንስ ነው፣ ኬሚስትሪ አይደለም። ፌሮሲኑ 75 ሆኖ ኮባልቱ 200 ከሆነ ግን ኮባልቱ እውነትም ዝግ ብሏል። ከ3 ወደ 2 ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም እንግዶች መነሳትና መቀመጥ አለባቸው። ከ2 ወደ 1 ፈጣን ነው፣ የሚነሳ ብዙ እንግዳ የለም። ቮልቴጁ የሚቀየርበትን ፍጥነት አራት እጥፍ ስታደርጉ ፒኩ ሁለት እጥፍ ብቻ ካደገ ሞለኪዩሉ ከፈሳሹ እየመጣ ነው። አራት እጥፍ ካደገ ኤሌክትሮዱ ላይ ተለጥፏል፣ ወልውሉት።

አንድ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ኤሌክትሮኑ ኮባልቱ ላይ ነው ወይስ ቀለበቱ ላይ? ቀለበቱም እኮ ራሱ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ያው ፖርፊሪን ላይ ዚንክ አስገቡና በዚያው ሁኔታ አንሱት። ዚንክ እዚያ ቮልቴጅ ውስጥ ቫለንሱን አይቀይርም፣ ስለዚህ የምታዩት ፒክ ሁሉ የቀለበቱ ነው። ኮባልቱ ላይ ተጨምሮ የመጣው የኮባልቱ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ፒሪዲን ሞክሩ። ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ የኮባልት 2 ወደ 3 ፒክን አንሱ፣ ከዚያ ፒሪዲን በማይክሮሊትር እየጨመራችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። ፒኩ ወደ ኔጌቲቭ ይሸሻል፣ ትንሽ አይደለም፣ በብዙ መቶ ሚሊቮልት። ፒሪዲኑ የኮባልት 3ን መቀመጫዎች ይዞ ስለሚያመቻቸው ኮባልት 2 ኤሌክትሮኑን ለመስጠት አይቸገርም። ከ2 ወደ 1 ያለው ደግሞ የዚህን ያህል አይርቅም።

ዳይክሎሮሜቴን ያለበትን ቆሻሻ ለብቻው፣ ዲኤምኤፉን ለብቻው በተጻፈበት ጠርሙስ አስቀምጡ። ቦሮሃይድራይድ የነካው ጋዙን እስኪጨርስ ክዳኑ አይጥበቅ። ሲንክ ውስጥ ምንም አይፈስ፣ እዚህ ከተማ የሚፈስ ውሃ መድረሻው ወይ ጣና ነው ወይ ዓባይ።

ተማሪዋ በማግስቱ ዲኤምኤፍ ውስጥ ደገመችው። ማታ በቴሌግራም ምስሉን ላከችልኝ፣ የመልሱ ፒክ ቁጭ ብሏል። ሥሩ ላይ «ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሦስት ሳምንት እንዲሁ ቀረ ማለት ነው?» ብላ ጽፋለች። እንዲሁማ አልቀረም። እንደዚያ ያበራ ኤሌክትሮድ አይቼ አላውቅም።